ምዕራፍ ስድስት፦ 1,826 ፍሬ

አማርኛ ተስፋ ያጣን ሰው «ተስፋ ቆረጠ» ይለዋል። መድኃኒቷን የተወች ሴት ደግሞ «አቋረጠች» ትባላለች። ሁለቱ ቃላት የአንድ ግንድ ቅርንጫፎች ናቸው፤ የሚቆረጠውም የሚቋረጠውም እስከዚያች ቀን ድረስ ሲቀጥል የነበረ ነገር ነው፣ እንደ ክር ወይም እንደ መንገድ። አፋን ኦሮሞም ከዚህ አይርቅም። ተስፋ መቁረጥ «አብዲ ኩታቹ»፣ መድኃኒት ማቋረጥ «ቆሪቻ አዳን ኩቱ» ነው፤ ኩቱ መቁረጥ ማለት ነው። ጅማ ላይ አማርኛ የሚቀናው ሐኪምና አፋን ኦሮሞ ብቻ የምትናገር እናት በአስተርጓሚ ሲነጋገሩ ብዙ ነገር መሐል ላይ ይፈስሳል፤ ይህ ቃል ግን ሳይጎድል ይሻገራል።

የዚህ ምዕራፍ ጥያቄም እዚያው ቃሉ ውስጥ አለ። የትኛው ቀድሞ ይቆረጣል? ሴትየዋ ተስፋዋን ቆርጣ ነው መድኃኒቷን የምታቋርጠው፣ ወይስ መድኃኒቷ ተቋርጦባት ነው ተስፋዋ የሚቆረጠው? አብዛኞቻችን የመጀመሪያውን እናምናለን። ስለዚህ ታማሚ ስንጠይቅ «አይዞሽ፣ ተስፋ አትቁረጪ» ብለን፣ የያዝነውን ብርቱካን አስቀምጠን እንወጣለን። እኔ የምከራከረው ለሁለተኛው ነው። ለዚህም ጅማንና በዙሪያዋ ያሉትን የቡና ከተሞች እንደ ማስረጃ ይዤ እቀርባለሁ።

አንዲት ሴት እናስብ። እንዲህ ናት ብዬ የምጠቁማት አንድ ሰው የለችም፤ እሷን የሚመስሉ ግን ብዙ ናቸው። ዕድሜዋ 38 ነው። ከአጋሮ ወጣ ብላ በጎማ ወረዳ ትኖራለች። ጓሮዋ ውስጥ ቡና፣ ከቡናው ጥላ ሥር ኮረሪማ፣ ከቤቱ አጠገብ እንሰትና ጥቂት ሙዝ አላት። ጡቷ ላይ የዳሰሰችውን እብጠት አንድ የቡና ለቀማ ሙሉ ለማንም ሳትናገር አሳለፈችው፤ የማያም ነገር በሽታ አይመስልምና። ሲያድግ ጤና ጣቢያ ሄደች። ከዚያ አጋሮ ሆስፒታል፣ ከዚያም በሪፈር 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዛ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ደረሰች። ጡቷ ተነሣ። በየሦስት ሳምንቱ እየተመላለሰች ኬሞቴራፒ ወሰደች፤ ፀጉሯ ረገፈ፣ ተመልሶም በቀለ። አሁን የታዘዘላት በቀን አንድ ፍሬ ታሞክሲፈን ነው፤ 20 ሚሊ ግራም፣ ለ5 ዓመት። ጳጉሜን 6 የምትሆንበትን አንድ ዓመት ጨምረን ብንቆጥረው 1,826 ፍሬ ይመጣል።

እንደ እሷ ያሉት ስንት ናቸው? በኢትዮጵያ ሴቶችን ከሚይዙት ካንሰሮች የጡት ካንሰር ቀዳሚው ነው፤ የማኅፀን በር ካንሰር ይከተለዋል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. ለ2020 ባወጣው ግምት በአንድ ዓመት ውስጥ በአገራችን ከ16 ሺህ በላይ ሴቶች የመጀመሪያው፣ ከ7 ሺህ በላይ ሴቶች ደግሞ ሁለተኛው በሽታ አዲስ ይገኝባቸዋል። የጡት ካንሰር ከያዛቸው መካከል ብዙዎቹ ገና የመውለጃ ዕድሜያቸውን ያልጨረሱ ናቸው። አብዛኞቹም ሐኪም ፊት የሚቀርቡት በሽታው ከገፋ በኋላ ነው።

እንግዲህ ጡቷ ተነሥቷል፣ ቁስሉ ደርቋል። ታዲያ ኪኒኑ ለምን? ይህን ጥያቄ ለቡና ገበሬ መመለስ ከባድ አይደለም። ቡና ማሳ ውስጥ ሰርዶን ነቅሎ የሚያውቅ ሰው ዓይን ያየው ሁሉ ተነቅሎ አፈር ውስጥ የቀረች ቁራጭ ሥር ከዝናብ በኋላ ምን እንደምትሠራ ያውቃል። ቀዶ ሕክምና የሚታየውን ይነቅላል። ኬሞቴራፒ የተበተነውን ያሳድዳል። ከሁለቱ ያመለጠች ሴል ካለች ዓመታት ተደብቃ ልትቆይ ትችላለች፤ ብዙዎቹ የጡት ካንሰሮች ደግሞ የሚያድጉት ኢስትሮጅን የሚባለውን የሴት ሆርሞን እየጠጡ ነው። ሴሏ ሆርሞኑን የምትቀበልበት አፍ አላት። ታሞክሲፈን ያን አፍ ይዘጋል፤ ሥሯን አይነቅላትም፣ ውኃ ይነፍጋታል። ውኃው መነፈግ ያለበት በየቀኑ ነው። ካንሰራቸው እንዲህ ዓይነት በሆነ ሴቶች ላይ በተደረጉ ሰፊ ጥናቶች መድኃኒቱን 5 ዓመት መውሰድ በሽታው የመመለሱን ዕድል በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በግማሽ ገደማ ቀንሷል። በ15 ዓመት ውስጥ በዚሁ ካንሰር የመሞትን አደጋ ደግሞ በአንድ ሦስተኛ ገደማ ዝቅ አድርጓል። በኢትዮጵያ ከተመረመሩት የጡት ዕጢዎችም አብላጫዎቹ ይህ አፍ ያላቸው ሆነው ተገኝተዋል።

መድኃኒቱ የተወለደው ለካንሰር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1962 ዶራ ሪቻርድሰን የተባለች ኬሚስት እንግሊዝ ውስጥ ስትሠራው የቤተ ሙከራዋ ፍላጎት የእርግዝና መከላከያ ማግኘት ነበር። ለዚያ ሳይሆን ቀርቶ ለዚህ ሆነ። እርግዝናን ያነሳሁት ወደ በኋላ ስለምንመለስበት ነው።

ረጅም ጊዜ የሚወሰድን መድኃኒት በትክክል መውሰድ ለማንም ቀላል እንዳልሆነ መታወቅ አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው ሪፖርት፣ በበለጸጉት አገሮች እንኳ ሥር የሰደደ በሽታ ካለባቸው ሰዎች መድኃኒታቸውን እንደታዘዘው የሚወስዱት በአማካይ ግማሽ ያህሉ ብቻ ናቸው። በድሃ አገሮች ቁጥሩ ከዚያም ያንሳል። ስለዚህ የጎማዋን ሴት «ግዴለሽ» ማለት አይቻልም። መድኃኒት ቤቱ ከደጁ፣ አስታዋሹ ስልኩ ላይ ሆኖለት የሚያቋርጥ ሰው ሞልቷል።

ተስፋ ምን ያደርጋል ወደሚለው እንምጣ። በካንሳስ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ምሁር የነበረው ቻርልስ ስናይደር እ.ኤ.አ. በ1991 ከባልደረቦቹ ጋር የተስፋ መለኪያ አወጣ። በእሱ አስተሳሰብ ተስፋ ሁለት ነገር ነው፤ ወደምፈልገው ለመድረስ ያለኝ ቆራጥነት፣ እና የሚያደርሰኝ መንገድ ይታየኛል ወይ የሚለው። አንዱ መንገድ ቢዘጋ ሌላ የሚታየው ሰው ተስፋው ሙሉ ነው። በብዙ አገሮች ካንሰርና ሌሎች ረጅም በሽታዎች ባሉባቸው ሴቶች ላይ በዚህና በሌሎች መለኪያዎች ጥናት ተደርጓል። ነጥባቸው ከፍ ያለው ሴቶች መድኃኒታቸውን አጥብቀው የሚይዙት እንደሆኑ ደጋግሞ ታይቷል። ግን ጥናቶቹ አብዛኛውን ጊዜ ተስፋውንም መድኃኒት አወሳሰዱንም የሚጠይቁት በአንድ ቀን፣ በአንድ ወረቀት ላይ ነው። ዶሮዋ ወይስ እንቁላሉ ቀደመ ብሎ ለመፍረድ ይህ አይበቃም።

እኔ የምይዘው የስናይደርን ሁለተኛ ክፍል ነው፤ መንገዱን። ለካንሳስ ተማሪ መንገድ የሐሳብ ምሳሌ ነው። ለጎማዋ ሴት መንገድ ጭቃ ያለው፣ ታሪፍ ያለው፣ ክረምት የሚዘጋው መንገድ ነው።

የቡና አገርን ዓመት የሚያውቅ ሰው ክሩ የት እንደሚሳሳ መገመት አያቅተውም። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቀዩ ቡና ይለቀማል፤ እሸቱ ወደ ማጠቢያ ጣቢያ፣ የቀረው ወደ አልጋ ወጥቶ ጀንፈል እስኪሆን ይገላበጣል። በዚያ ወቅት ገንዘብ ይመጣል፣ ጊዜ ግን የለም። ለቃሚዋ፣ አድራቂዋ፣ ለለቃሚዎቹ ምሳ የምታደርሰው እሷው ናት፤ አንድ ሙሉ ቀን ጅማ ካርድ ክፍል ስትሰለፍ ከዋለች ቡናው ዛፍ ላይ ይደርቃል። ሐምሌና ነሐሴ ሲመጣ ተራው ይገለበጣል፤ ጊዜ አለ፣ ብሩ አልቋል፣ ጭቃው ጉልበት ደርሷል። በዓመት ሁለት ጊዜ ክሩ ይሳሳል፤ በሁለቱም ጊዜ ሰበቡ ሐዘን አይደለም። መድኃኒቱ አልቆ አሥር ቀን ያለፋት ሴት በአሥራ አንደኛው ቀን ለራሷ የምትናገረውን ግን ልብ በሉ፤ «ካቋረጥኩ አይቀር፣ ምን ዋጋ አለው?» እዚህ ላይ ነው ተስፋ የሚቆረጠው። ቀድሞ የተቆረጠው ኪኒኑ ነው።

ይህን መንገድ ለማሳጠር የተሞከረ ነገር አለ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ሲጀመር ከኦሮሚያ ከተመረጡት አንዱ የቡናው አገር ሊሙ ኮሳ ነበር። መድኑ ብዙ ቤተሰብን ከብድር አትርፏል። የሚኒባሱን ታሪፍና የማደሪያውን ግን አይከፍልም፤ መድኃኒቱ ሲጠፋም «ከውጭ ግዙ» የሚለው ወረቀት መድን ያላትንም ከኪሷ ያስወጣታል።

ሌላው ሙከራ ከዚህ ይበልጥ ልቤን ይነካዋል። በ1990ዎቹ ዶክተር ዮሴፍ ማሞ በጅማ፣ ዶክተር ሽታዬ ዓለሙ በጎንደር፣ ኢትዮጵያን በቅርብ ያውቁ ከነበሩት ብሪታንያዊ ሐኪም ከፕሮፌሰር ኤልድሪድ ፓሪና ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው አንድ ቀላል ነገር አደረጉ። የረጅም በሽታ ክትትልን ከከተማው ሆስፒታል አውጥተው ገጠር ጤና ጣቢያ ላሉ ነርሶች ሰጡ። የሚጥል በሽታ፣ ስኳር፣ ደም ግፊት፣ አስም፣ የልብ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ቀን ሙሉ መጓዛቸው ቀርቶ በሠለጠነች ነርስ እጅ፣ በቅርባቸው መድኃኒት ማግኘት ጀመሩ። የሚጥል በሽታ ያለባት ሴት ቤት ውስጥ ምን እንደሚገጥማት እናውቃለን። ምድጃ ላይ ትወድቃለች፤ «ይተላለፋል» ተብላ ከማዕድ ትለያለች፤ የሚያገባት ይጠፋል። የዚህች ሴት መድኃኒት ግን ርካሽ ነው፤ በየቀኑ ከተወሰደ ብዙዎችን ከመውደቅ ያድናል። ማንም ተስፋን አስቀድሞ አልሰበከላትም። መድኃኒቱ ቀረበላት፣ መውደቋ ቆመ፣ ጎረቤት አየ፣ ከዚያ ሌሎች «እኔም ልሂድ» አሉ። ተስፋ ከኪኒኑ ኋላ በእግሩ መጣ።

በካንሰር ላይም ተመሳሳይ ነገር ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ አንድ ጥናት በደቡብ ኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ነርሶች በጡት ካንሰር ላይ ሠልጥነው ታሞክሲፈን የሚወስዱ ሴቶችን ሲከታተሉና ሲያስታውሱ ምን እንደሚለወጥ ፈትሿል። ሴቶቹ ሲጠየቁ፣ ነርስ የነበራቸው ካልነበራቸው እጅግ በላቀ ሁኔታ መድኃኒታቸውን እንደሚወስዱ ተናገሩ። መድኃኒቱን የተቀበሉበት የሆስፒታል መዝገብ ሲታይ ግን ልዩነቱ ጠበበ። ይህ ውጤት ሁልጊዜ ያሳስበኛል። ሴቶቹ ዋሽተዋል ብዬ አላስብም። የምትወዳትን፣ በስሟ የምትጠራትን ነርስ ማሳዘን ለኢትዮጵያዊት እናት ከባድ ነው፤ «ትወስጃለሽ አይደል?» ብሎ ለሚጠይቅ «አዎ» ማለት ጨዋነት ነው። ስለዚህ ጥያቄው መለወጥ አለበት። «ባለፈው ሳምንት ስንት ፍሬ አመለጠሽ?» ስትባል መሳት እንዳለ ታምኖ እንደተጠየቀች ይገባታል፣ እውነቱን መናገርም ይቀላታል።

ከሁሉ የሚከብደው እንቅፋት እኛው ቤት ውስጥ አለ። ሐኪሙ ክፍል ሲገቡ ወንድም ወይም ልጅ ቀደም ብሎ «እባክዎ ለእሷ እንዳይነግሯት፣ ትደነግጣለች» ይላል። ከፍቅር ነው። መርዶን እንኳ በማለዳ፣ ሽማግሌ ሰብስበን፣ ሰው ሳይበተን የምናረዳ ሕዝብ ነን፤ ክፉ ወሬ ለብቻ እንዳይደርስ መጠንቀቅ ያደግንበት ነው። ውጤቱን ግን እንይ። ስለ በሽታዋ «እብጠት ነበር፣ ወጣልሽ» ተብላ የተሸኘች ሴት 1,826 ፍሬ የምትውጥበት ምን ምክንያት አላት? ሲሻላት ትተዋለች፤ ጤነኛ ሰው ኪኒን አይውጥማ። ከዚያም በላይ መድኃኒቱ ራሱ ያስቸግራታል። ድንገት እሳት እንደ ነካት ሰውነቷ ይግላል፣ በሌሊት ላብ ያጠምቃታል፣ የወር አበባዋ ይዛባል። ስሙንና ሥራውን ያላወቀችው መድኃኒት ሲያቃጥላት ታማሚ ሊያደርጋት የመጣ ይመስላታል። ያወቀች ሴት ግን ያን ግለት እንደ ሥራው ዋጋ ቆጥራ ልትታገሠው፣ ሲበዛባትም ለሐኪሟ ልትነግር ትችላለች። አንድ እግሯ አብጦ ካመማት ወይም ትንፋሽ ካጠራት ግን ነገን ሳትጠብቅ ወደ ሐኪም መሄድ አለባት፤ መድኃኒቱ አልፎ አልፎ ደም ያረጋልና።

አሁን ወደ እርግዝና። 38 ዓመቷ ነው፤ ባሏ ወይም የባሏ እናት አንድ ልጅ ቢጨመር ይወዳሉ፣ ምናልባት እሷም። ታሞክሲፈን እየወሰዱ ማርገዝ ለጽንሱ አደገኛ ስለሆነ ክልክል ነው። ብዙ ሴት ይህን ከሰማች በኋላ ከሁለቱ አንዱን በዝምታ ታደርጋለች። ወይ ኪኒኑን ደብቃ ትተዋለች፣ ወይ ጤና ኬላ ሄዳ እንደ ጎረቤቶቿ የሦስት ወር መርፌ ትወጋለች። መርፌው ሆርሞን ነው፤ የጡት ካንሰር ለያዛት ሴት አይመከርም። ለእሷ የሚሻለው ሆርሞን የሌለው፣ ከመዳብ የተሠራው ሉፕ ነው። መውለድ የምትፈልግም ብትሆን በሩ አልተዘጋባትም። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ፣ ከ500 በላይ ወጣት ሴቶችን የተከታተለ ዓለም አቀፍ ጥናት አለ። ሴቶቹ ሕክምናውን ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት ተኩል ከወሰዱ በኋላ በሐኪም ምክር ለልጅ ሲሉ ለጊዜው አቆሙ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ገደማ ካንሰሩ ከሌሎቹ ይልቅ አልተመለሰባቸውም። ለዚህ ግን መነጋገር ያስፈልጋል፤ ተደብቆ ማቋረጥና ተማክሮ ማቆም የተለያዩ ናቸው።

ጅማ ዙሪያ ስለ ተስፋ ሲነሳ እምነት ሳይነሳ አይቀርም፤ መነሳትም አለበት። አብዛኛው የዞኑ ሕዝብ ሙስሊም ነው። ረመዳን ሲገባ «ቀን መዋጥ አልችልም» ብላ ወሩን በሙሉ የምታቋርጥ ሴት አለች። ታሞክሲፈን በቀን አንዴ የሚወሰድ፣ ሰውነት ውስጥም ለቀናት የሚቆይ መድኃኒት ነው፤ በኢፍጣር ወይም በሱሁር ቢወሰድ አንድም ነገር አይጎድልበትም። የስኳርና የአንዳንድ ሌሎች በሽታዎች መድኃኒት ግን ሐኪም ሳያስተካክለው ሰዓቱ መለወጥ የለበትም። ይህን ኢማሙ ከረመዳን በፊት ባለችው ጁምዓ ቢናገር ከአሥር ፖስተር ይበልጣል። በክርስቲያኑም በኩል ልምድ አለን። ነጻው የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. ከጀመረ በኋላ ኪኒኑን ጥለው ጠበል የገቡ ብዙ ነበሩ። በወቅቱ ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ ጠበሉና መድኃኒቱ አብረው እንደሚወሰዱ በይፋ ሲናገሩ፣ ለብዙ ምእመን በሁለቱ መካከል የቆመው አጥር ወደቀ። ተስፋን ከኪኒን ጋር ያጣላነው እኛ ሰዎች ነን።

ስለ ጭንቀትና ድባቴ ሳልናገር ባልፍ ደግሞ ክርክሬ ይጎድላል፤ የተቃራኒው ወገን እውነት እዚያ አለና። እ.ኤ.አ. በ2000 የብዙ ጥናቶችን ውጤት ያጠቃለለ ሥራ በድባቴ ውስጥ ያሉ ታማሚዎች የሐኪም ትእዛዝ ያለመከተላቸው ዕድል ከሌሎቹ ሦስት እጥፍ እንደሆነ አሳይቷል። እንቅልፍ አጥታ፣ ምግብ አስጠልቷት፣ ሰው መሸሽ የጀመረች ሴት ክሩ ከውስጥ እየተቆረጠባት ሊሆን ይችላል። ይህ ራሱ በሽታ ነው፣ ሕክምናም አለው። የድባቴው መድኃኒት ሲመረጥ ግን ሐኪሙ ታሞክሲፈን እንደምትወስድ ማወቅ አለበት፤ አንዳንዶቹ ኃይሉን ያዳክሙታልና።

ለረጅም ዓመታት በመላ አገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚሰጠው አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ ከጎማ የተነሳች ሴት ወደ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዛ ወራት ወረፋ ትጠብቅ ነበር። ዛሬ ጨረሩ ጅማ ላይም አለ። ከባዱ፣ ውዱ፣ ማሽን የሚፈልገው ነገር ወደ እሷ መቅረብ ከቻለ ቀላሉ ኪኒን አጋሮ ወይም ሊሙ ገነት ጤና ጣቢያ መደርደሪያ ላይ የማይቀመጥበት ምክንያት አይታየኝም። ከቡና ለቀማ በፊት የሦስት ወር መድኃኒት አንድ ላይ መስጠትም የሚያስፈልገው ቀን መቁጠሪያ ማየት ብቻ ነው።

እስከዚያው የእናንተ ድርሻ አለ። በየመንደሩ እድር አለን፤ ሰው በሞተ ማግስት ድንኳኑም ገንዘቡም ይደርሳል። የእድር ዳኛ የሆናችሁ፣ ቀጠሮዋ ደርሶ የመሄጃ ላጣች አባል ያንን ገንዘብ በቁሟ ስጧት፤ በስብሰባ አጽድቁት፣ በመዝገብ አስፍሩት። ጎረቤት የሆናችሁ ደግሞ ለአቦል ስትጠሯት «ተስፋ አትቁረጪ» ከማለታችሁ በፊት «ቀጠሮሽ መቼ ነው? ስንት ፍሬ ቀረሽ?» በሏት። ቀኑ ሐሙስ ከሆነ፣ ሐሙስ ቡናዋን ልቀሙላት።